እቴጌ መነን አስፋው፦ እናትና አያት

በትምህርት ክፍላችን ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ በምናነባቸው መጻሕፍት ውስጥ የእቴጌ መነን አስፋው ስም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤታቸው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኋላ ነው። ዘውድ ሲጫን አሉ፣ ስደት ሲወጣ አሉ፣ ሲሞቱ ደግሞ አንድ መስመር ይጻፍላቸዋል። ለምን ሲባል፣ እሳቸው ለቤተሰባቸው የኖሩ ሰው ናቸው፣ ከፖለቲካው ራቅ ያሉ ናቸው ይባላል። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ፦ የእኚህን እናት ልጆችና የልጅ ልጆች ብቻ እየተከተልን ብንሄድ ከሰገሌ ጦርነት እስከ ታኅሣሥ ግርግር ያለውን የአገሪቱን ታሪክ እናገኘዋለን። ያውም ቤት ውስጥ ምን እንዳደረሰ ጭምር።

እቴጌ የተወለዱት በመጋቢት 1883 ዓ.ም. በወሎ፣ አምባሰል ነው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ጋብቻ የሁለት ቤቶች ስምምነት እንጂ የሙሽሪት ምርጫ አልነበረም። በመሆኑም ደጃዝማች ተፈሪን በሐምሌ 1903 ከማግባታቸው በፊት ገና በልጅነታቸው ተድረው የልጆች እናት ሆነው ነበር። ይህንን ጋብቻ ያመቻቹት ልጅ ኢያሱ እንደሆኑ ይነገራል፤ ልጅ ኢያሱ የወይዘሮ ስኂን ወንድም በመሆናቸው ለመነን አጎት ናቸው።

እንግዲህ መከራው የሚጀምረው ከዚህ ዝምድና ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ከሥልጣን ሲወርዱ አልጋ ወራሽ የተባሉት የመነን ባል ራስ ተፈሪ ሆኑ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ሲሉ ከወሎ ጦር ይዘው ተነሡ። በመጀመሪያው ውጊያ፣ ቶራ መስክ ላይ፣ ራስ ልዑልሰገድ ሞቱ። ራስ ልዑልሰገድ ደግሞ መነን ተፈሪን ከማግባታቸው በፊት ባላቸው ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። ስለ ሰገሌ ስንማር የሰልፉን አሰላለፍና ማን ለምን እንዳሸነፈ ነው የምንማረው። በዚያ ቀን ግን ወይዘሮ መነን የሦስት ወር ሕፃን፣ ልጅ አስፋ ወሰንን፣ የታቀፉ እናት ናቸው። ባላቸው ሲያሸንፍ አያታቸው በሰንሰለት ታሰሩ። የትኛውን ዜና ሰምተው እልል ሊሉ ኖሯል?

ከራስ ተፈሪ ስድስት ልጆች ወለዱ፤ ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኮንንና ሣህለ ሥላሴ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ከባለቤታቸው ጋር ዘውድ ጫኑ። በስማቸው የተከፈተው የሴቶች ትምህርት ቤት (በደርግ ዘመን የካቲት 12 የተባለው) ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሥራ ጀመረ። ስለ ትምህርት ቤቱ ሌሎች በደንብ ስለጻፉ አልፈዋለሁ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ክብረ መንግሥት ስለሆነ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ይበልጥ ይነካኛል። እቴጌ ከራስ ተፈሪ ከወለዷቸው ልጆች ታላቋ የልዕልት ተናኘወርቅ ባለቤት የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው። ጣሊያን ሲመጣ በዶሎ በኩል ያለውን ግንባር የያዙት እሳቸው ነበሩ። በጥር 1928 የግራዚያኒ ጦር በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ እየታገዘ በገናሌ ዶሪያ ሰብሮ ነገሌን ያዘ፤ ከዚያም ወደ ዋደራ ገፋ። ከኛ ከተማ በዋደራ አድርጎ ነገሌ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያ ጦር በምን ዓይነት ቆላ ውስጥ ውኃ እየጠማው እንዳፈገፈገ መገመት አያቅተውም። እኛ ጋ ይህ ታሪክ ሲነሣ የሚወራው ስለ ራስ ደስታ ነው። አዲስ አበባ ስለቀሩት ልጆቻቸው ግን ማንም አያነሣም። ራስ ደስታ ጫካ ገብተው ሲዋጉ ከቆዩ በኋላ ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ቡታጅራ አካባቢ በጥይት ተገደሉ። ያን ጊዜ ሚስታቸውና ልጆቻቸው በሰው አገር ነበሩ።

ቤተሰቡ በሚያዝያ 1928 በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ኢየሩሳሌም ደርሶ ነበር። በኋላ መኖሪያቸው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ የሚገኘው ፌርፊልድ የተባለ ቤት ሆነ። አባት የሌላቸው የራስ ደስታ ልጆች በእናታቸውና በአያታቸው እቅፍ ውስጥ ያደጉት በዚህ የስደት ዘመን ነው። ብርዱና እርጥበቱ ለእቴጌ ጤና ስላልተስማማ ኢየሩሳሌም እየሄዱ ይቆዩ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ደግሞ ከልጆቿ ጋር ጣሊያን ውስጥ ታስራ እዚያው ሞታለች። ታዲያ እቴጌ በዚህ መሀል ቤተልሔም ሄደው ስእለት ተሳሉ፤ አገሬ ነፃ ከወጣች ዘውዴን ለልደት ቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ አሉ። ከድል በኋላ በ1923 የጫኑትን ዘውድ ልከው ስእለታቸውን ፈጸሙ። ሌላ ዘውድ ቢሠራላቸውም አላደረጉትም ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ክብረ መንግሥት የወርቅ አገር ናት። አዶላ ወርቅ ፍለጋ ከየአገሩ የመጣ ሰው ልጁን ለአያት ትቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶችን እናውቃለን። እነዚያ አሮጊቶች ማጀታቸው ባዶ ነው። እቴጌ መነን ግን ሰፊ ርስትና ብዙ አገልጋይ የነበራቸው ባለጸጋ ናቸው። የቤተ መንግሥት እናትነትንና የኛን እናቶች እናትነት እኩል አድርጎ ማውራት አይቻልም። ሐዘኑ ግን ሀብት አይቶ አልቀረም፤ ይህንንም መካድ አይቻልም።

ዘነበወርቅ ከጦርነቱ በፊት ገና በአፍላ ዕድሜዋ መቀሌ ላይ ሞታ ነበር። ፀሐይ ለንደን ውስጥ የሕፃናት ነርስነት ተምራ አገሯ ተመለሰች። ባገባች በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ በነሐሴ 1934፣ ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። የሕፃናት ነርስ በወሊድ ትሙት! በዚያን ጊዜ አገሪቱ ውስጥ ለወላድ የነበረው ሕክምና ምን ያህል እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር አላውቅም። ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል በመጀመሪያ በእሷ መታሰቢያነት የተሠራ ነው። በግንቦት 1949 ደግሞ የሐረሩ መስፍን ልዑል መኮንን በመኪና አደጋ ሞቱ፤ አምስት ወንዶች ልጆች ትተዋል። እቴጌ እንደገና አባት የሌላቸው የልጅ ልጆች አያት ሆኑ።

በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ አልጋ ወራሹን በእጃቸው ያስገቡት እናትህ በጠና ታመዋል ብለው በመጥራት እንደሆነ ተጽፏል። ሰዎቹ ልጁን ምን ከቤቱ እንደሚያወጣው በደንብ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እቴጌ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ የካቲት 8 ቀን 1954 አርፈው መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የመጨረሻው ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ በሁለት ወር ልዩነት ተከተሏቸው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የሆነውን አላዩም። የራስ ደስታ ልጅ እስክንድር፣ አባቱ ገናሌ ላይ ሲዋጉ ገና ሕፃን የነበረው፣ አድጎ የባሕር ኃይል ምክትል አዛዥ ሆኖ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ሆነ። ልዕልት ተናኘወርቅና ሴቶች ልጆቻቸው ዓለም በቃኝ ገቡ፤ የወጡት በ1980 ዓ.ም. ነው።