ትንኝና የፓናማ ካናል፦ የዶክቶር ጎርጋስ ታሪክ

ስለ ፓናማ ካናል ሲነገር የሚመሰገኑት ድንጋዩን የፈነቀሉት መሐንዲሶች ናቸው። ነገር ግን ሐኪሙ ዊልያም ጎርጋስ ባይኖር ሥራው በጅምር በቀረ ነበር። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጎርጋስ በ1854 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በጦር ሠራዊት ውስጥ ሲያገለግል ቴክሳስ ላይ በቢጫ ወባ ታመመ፤ ዳነም። ይህን በሽታ አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው ዳግመኛ ስለማይዘው፣ ከዚያ ወዲያ ወረርሽኝ ወዳለበት መላክ የእሱ ዕጣ ሆነ።

ከ1898 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የሐቫና ከተማ ጤና ጥበቃ ለእሱ ተሰጠ። በዚያን ጊዜ በሽታውን የሚያመጣው ቆሻሻ ነው ይባል ስለ ነበር፣ ጎርጋስም መንገዱን አስጠረገ፤ ጉድፉን አስነሣ። ከተማይቱ ጸዳች፤ ቢጫ ወባው ግን በ1900 ዓ.ም. ጭራሽ ባሰበት። የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንሌ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን በ1881 ዓ.ም. ቢናገርም የሰማው አልነበረም። ዋልተር ሪድና ጓደኞቹ እውነት መሆኑን በፈተና ያረጋገጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ጎርጋስ በመጀመሪያ ቢጠራጠርም፣ ማስረጃውን ካየ በኋላ የቀድሞ ሐሳቡን ለመጣል አላፈረም፤ እኔ ከሥራው ሁሉ አብልጬ የማደንቅለት ይህንን ነው። ትንኟ የምትፈለፈለው በየቤቱ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ነበርና ጋኑንና በርሜሉን አስከደነ፤ በሽተኛውንም በአጎበር አስከለለ። በወራት ውስጥ ሐቫና ከበሽታው ነጻ ወጣች።

በ1904 ዓ.ም. ወደ ፓናማ ተላከ። ከዚያ በፊት ፈረንሳዮች ሲቆፍሩ 20,000 ያህል ሰው እንደ ሞተባቸው ይገመታል። በሆስፒታላቸው ጉንዳን እንዳይወጣ የአልጋውን እግር በውኃ ሳሕን ውስጥ ያቆሙ ነበር። ጉንዳኑ ቀረ፤ ትንኟ ግን እዚያው ከበሽተኛው አልጋ ሥር ተራባች።

የካናሉ ሹማምንት የትንኟን ነገር እንደ ተረት ቆጥረው ገንዘብ ነፈጉት፤ በሌላ ሰው እንዲተካም ጠየቁ። በ1905 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲነሣ የሚበዛው አሜሪካዊ ሠራተኛ በመርከብ ሸሸ። አዲሱ ዋና መሐንዲስ ጆን ስቲቨንስ ሰውና ገንዘብ ሲሰጠው፣ ጎርጋስ የፓናማን ከተማ ቤት ለቤት በጢስ አሳጠነ፤ በረጋው ውኃ ላይ ዘይት አስፈሰሰ። ዋናው ነገር ግን ቧንቧው ነበር። የቧንቧ ውኃ ሲገባ ሕዝቡ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሙን ተወ፤ ትንኟም መራቢያ አጣች። በዓመቱ መጨረሻ ቢጫ ወባ ከከተማይቱ ጠፋ።

ሁሉም ግን እኩል አልተጠቀመም። ከባርቤዶስና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡት ጥቁር ሠራተኞች በተጨናነቀ ማደሪያ በሳንባ ምች ያልቁ ነበር።

ካናሉ በ1914 ዓ.ም. ተከፈተ። ጎርጋስ በ1920 ዓ.ም. ቢጫ ወባን ለመመርመር ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሲጓዝ፣ ሎንዶን ላይ ታሞ ሞተ።