ሩዶልፍ ዲዝልና የባሌ አዝመራ

በሮቤና በጎባ ዙሪያ ባለው ደጋ ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነር ከማሳ ማሳ ይዞራል። ናፍጣ አጥቶ የቆመ እንደ ሆነ ግን የደረሰውን ሰብል ዝናብ ይመታዋል፤ እህሉም ከነዛላው ይበቅላል። ስለዚህ ለባሌ ገበሬ ናፍጣ የመጓጓዣ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጎተራም ጉዳይ ነው። ዓለም ከከርሰ ምድር ነዳጅ ጥገኝነት ለመላቀቅ በሚጥርበት በዚህ ዘመን የዚህን ሞተር ፈልሳፊ ሕይወት መመርመር ለእኛ ለመሐንዲሶች ትምህርት ይሰጣል። በታሪኩ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ዲዝል ከጀርመናውያን ወላጆች በማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ በቆዳ ሥራ የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ነበር። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ ቤተ ሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ እርሱም ገና በ12 ዓመቱ ኦግስቡርግ ወደሚገኙ ዘመዶቹ ተላከ። በኋላም በሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲማር ከመምህሩ ከካርል ፎን ሊንደ የሰማው አንድ ነገር ዕረፍት ነሣው። ይኸውም የእንፋሎት ሞተር ከሚበላው ነዳጅ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው።

የዲዝል መፍትሔ በዐሳብ ደረጃ ቀላል፣ በአፈጻጸም ግን ከባድ ነበር። በሲሊንደር ውስጥ በብርቱ የታመቀ አየር ይግላል፤ በዚህ አየር ላይ የሚረጨው ነዳጅም ያለ ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል። በ1893 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ሞተር ሲሞከር የግፊት መለኪያው ፈነዳ። ከብዙ ድካም በኋላ በፌብሩዋሪ 1897 የተፈተነው ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ።

ዲዝል የደከመው ነዳጅ ለመቆጠብ ብቻ አልነበረም። ግዙፍ የእንፋሎት ሞተር ሊያቆም የሚችለው ባለ ትልቅ ፋብሪካ ብቻ በመሆኑ አነስተኛው የእጅ ባለሙያ ከገበያ እየተገፋ መሄዱ ያሳስበው ነበር። በ1903 ስለ ሠራተኞች መተባበር መጽሐፍ ቢያሳትምም ብዙ ገዢ አላገኘም። ሞተሩንም ለአንድ ዓይነት ነዳጅ ብቻ አላሰበውም፤ በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሠርቶ ታይቷል። ይሁን እንጂ ፔትሮሊየም በየስፍራው እየረከሰ ስለ ሄደ ሞተሩ ከእርሱ ጋር ተቆራኘ። ፈልሳፊው በሕመምና በዕዳ ተጎሳቁሎ ሳለ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ሌሊት ወደ እንግሊዝ ከሚሄድ መርከብ ላይ ጠፋ፤ አስከሬኑም ከቀናት በኋላ በባሕር ላይ ተገኘ። የሞቱ ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ምኞቱ ግን በባሌ ደጋ በከፊል ተፈጽሟል። በደርግ ዘመን በመንግሥት እርሻዎች ይሠራ የነበረው ኮምባይነር ዛሬ በኪራይ አነስተኛ ማሳ ላለው ገበሬም ይደርሳል። ናፍጣው ግን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የከለከለውም ይህን ሸክም ለማቃለል ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል ለባሌ እንግዳ አይደለም፤ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ጣቢያ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ወፍጮ ባለበት ቆሞ ስለሚሠራ ሽቦው ይደርስለታል፤ ኮምባይነር ግን በማሳ መካከል የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ሽቦ ሊከተለው አይችልም። ደጋው ተልባና ጎመንዘር ያበቅላል፤ ነገር ግን ዘይታቸውን ለሞተር እናውል ብንል ለምግብ የሚሆነውን መሬት መሻማት ይመጣል።

እንግዲህ ለውጡ ቅደም ተከተል ያሻዋል። አስቀድሞ ቆመው የሚሠሩት ወፍጮዎች፣ የውሃ ፓምፖችና የእንጨትና የብረት መሥሪያ ቤቶች ወደ ኤሌክትሪክ ይዙሩ፤ ከዚያ የሚተርፈው ናፍጣ አስተማማኝ ምትክ እስኪገኝ ድረስ ለአዝመራ ይጠበቅ። ይህ ሳይደረግ ናፍጣ ቢጠፋ ወይም ዋጋው ቢሰቀል፣ ባለ ገንዘቡ አዲስ መሣሪያ ሲገዛ አነስተኛው ገበሬ ወደ ማጭድና ወደ በሬ ውቂያ ይመለሳል። ዲዝል ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ይህን የመሰለውን መበላለጥ ነበር።