ዶክተር ጆን ኬድና የሊቲየም ጨው

አውስትራሊያዊው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ጆን ኬድ ከጃፓን ምርኮ ሲመለሱ በሜልቦርን፣ ቡንዱራ ሆስፒታል ምርምር ጀመሩ። መሐንዲሶች ዛሬ በባትሪ የሚያውቁትን ሊቲየም በጊኒ ፒግ ቢሞክሩት እንስሶቹ ረጋ አሉ፤ እርጋታው የመመረዝ ምልክት ሳይሆን አልቀረም። በራሳቸውም ላይ ከሞከሩት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በማኒያ፣ ማለትም ልክ ባለፈ የስሜት ግለት፣ ለዓመታት ለተሠቃየ የ51 ዓመት ሰው ሰጡት። ሰውየው በወራት ውስጥ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1949 የአሥር የማኒያ ሕሙማን ውጤት ታተመ። በ1950 ግን ያው የመጀመሪያው ታማሚ በሊቲየም ተመርዞ ሞተ፤ የሚያድነውና የሚገድለው መጠን እጅግ ተቀራራቢ ነውና። ኬድ መድኃኒቱን በሆስፒታላቸው አገዱ። በደም ውስጥ ያለውን መጠን መለካት ሲለመድ፣ ዴንማርካዊው ሞገንስ ሾውም በ1954 ጥናታቸውን ሲያወጡ፣ ሊቲየም ዳግም ተነሣ። ኬድ በ1980 ሲያርፉ መድኃኒቱ በብዙ አገር ይታዘዝ ነበር።