ኤድጋር ኡልመርና ጭጋጉ

ኤድጋር ኡልመር እ.ኤ.አ. በ1904 በዛሬዋ ቼክ አገር ተወልዶ በቪየና አደገ። ወደ አሜሪካም ተሻግሮ በ1934 «ጥቁር ድመት» በተባለው ፊልም ለዩኒቨርሳል ኩባንያ ብዙ ትርፍ አስገኘ። ዳሩ ግን የኩባንያውን ባለቤት ዘመድ ሚስት ወዶ ኋላም ስላገባት፥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በራቸውን ዘጉበት። አድራጎቱን አናመሰግንለትም፤ እርስዋ ግን በፊልም ሥራው ረዳቱ ሆና አብራው ኖረች።

ከዚያ ወዲያ ለድኻ ኩባንያዎች ሠራ። በ1945 ያወጣው «የዙሪያ መንገድ» የተባለው ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልም 70 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የኒው ዮርክን ጎዳና የሚያሠራበት ገንዘብ ስላልነበረው ስፍራውን በጭጋግ ሸፈነው። እኛስ ጭጋጉ የፍቅረኞቹ ኀዘን መስሎን ነበር!

ኡልመር በ1972 ሞተ። ፊልሙ በአሜሪካ የቅርስ መዝገብ የገባው ከ20 ዓመት በኋላ፥ በ1992 ነው።