የአበበ ቢቂላ ሩጫና የፍጥነት ሒሳብ

ርቀትና ጊዜ ከተሰጣችሁ ፍጥነትን ማስላት አያስቸግርም። የሚከብደው የተገኘው ቁጥር ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር መለየት ነው። ለዚህ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ጥሩ አስተማሪ ይሆነናል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አድጎም አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ለማራቶን አዘጋጁት። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገሩ እንቁጣጣሽን ልትቀበል ዋዜማ ላይ ሳለች፣ እሱ በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ።

እስቲ እርሳስ አንሡ። አማካይ ፍጥነት ማለት ጠቅላላው ርቀት ለጠቅላላው ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ጊዜውን ወደ ሰከንድ እንለውጥ፦

7,200 + 900 + 16 = 8,116 ሰከንድ
42,195 ÷ 8,116 = 5.20 ሜትር በሰከንድ

ይህን በ3.6 ስናባዛው በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ አበበ በቶኪዮ ተሰለፈ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሆኖም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ ማለትም በ7,931 ሰከንድ ገባ። አስሉት፤ በሰከንድ 5.32 ሜትር፣ በሰዓት 19.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሮም ጋር ያለው ልዩነት በየሰከንዱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ግማሽ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። ይህች ግማሽ ስንዝር ተጠራቅማ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አተረፈችለት።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ማለት 2.15 ሰዓት አይደለም፤ ሰዓት 60 ደቂቃ እንጂ 100 አይደለምና። የሮሙን ሩጫ በ2.15 ብታካፍሉት 19.6 ይመጣል፤ አበበም ከቶኪዮ ይልቅ በሮም የፈጠነ ይመስላል።

አሁን ወደ አቅጣጫ እንለፍ። ከሐርጌሳ በርበራ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ መኪና ደርሶ ለመመለስ 5 ሰዓት ቢፈጅበት አማካይ ፍጥነቱ 320 ÷ 5 = 64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። አቅጣጫን የሚቆጥረው ፍጥነት ግን የሚሰላው ከመነሻ እስከ መድረሻ ባለው ቀጥተኛ ርቀት ስለሆነ፣ መኪናው ወደ ተነሣበት ቦታ ሲመለስ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። የቶኪዮው ሩጫም የተጀመረውና ያለቀው በአንድ ስታዲየም ውስጥ ስለነበር በዚህ ስሌት ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። ታዲያ አበበ አልሮጠም ልንል ነውን? አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው።

አማካይ ቁጥር በመካከል ያለውን ውጣ ውረድም አያሳይም። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. አበበ በሜክሲኮ ሲቲ ማራቶን በሕመም ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ። በዚያው ዓመት በመጋቢት በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እሱ ግን ውድድርን አልተወም። እንግሊዝ አገር ታክሞ በ1962 ዓ.ም. በዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ የ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሩቅ ተነሥታችሁ እዚህ ሐርጌሳ የምትማሩ ልጆች፣ ሰው ከመነሻው የራቀበት አንድ ልክ ነው፤ የደከመበት መንገድ ሌላ ልክ ነው። ነገ ከቤት ትምህርት ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ ርቀቱንና የተጓዛችሁበትን ጊዜ መዝግቡ፤ ሁለቱንም ፍጥነት አስሉና ደብተራችሁን ለመምህራችሁ አሳዩ።