ጆርጅ ዊሊስ ሪቼ እና የሸርጣን ኔቡላ የመጀመሪያ መለኪያ

በከዋክብት መካከል የሚገኝ የጋዝ ደመና፣ ማለትም ኔቡላ፣ በሰከንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ እንኳ ከምድር ለሚመለከተው የቆመ ይመስላል። እንቅስቃሴው የሚገለጠው አንድ ባለሙያ ያነሣው ፎቶግራፍ ከዓመታት በኋላ ከተነሣ ሌላ ፎቶግራፍ ጋር ሲመሳከር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ማመሳከር መነሻ ከሆኑት ምስሎች ዋነኞቹን ያዘጋጀው አሜሪካዊው ጆርጅ ዊሊስ ሪቼ ነበር።

ሪቼ እ.ኤ.አ. በ1864 በኦሃዮ ተወለደ። የቤት ዕቃ አናጢነት ተምሮ በቺካጎ የእንጨት ሥራ ያስተምር ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆርጅ ኤለሪ ሄል የእጁን ጥበብ ተረድቶ ወደ የርክስ የከዋክብት መመልከቻ አመጣው።

በ1901 በፐርሴየስ ኅብረ ኮከብ አንድ ኮከብ በድንገት ደመቀ። ሪቼ ራሱ በሠራው የ24 ኢንች ቴሌስኮፕ መስከረም 20 እና ኅዳር 13 ቀን ሁለት ፎቶግራፎች አነሣ (ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኮከቡ ዙሪያ የታየው ጭጋግ በስምንት ሳምንት ልዩነት ወደ ውጭ ሰፍቶ ተገኘ፤ በሊክ የከዋክብት መመልከቻም በዚያው ሰሞን ይኸው ታይቷል። ፍጥነቱ ግን ለጋዝ የማይታሰብ ነበር። ያኮቡስ ካፕታይን የተንቀሳቀሰው ጋዙ ሳይሆን የፍንዳታው ብርሃን መሆኑን አስረዳ፤ ብርሃኑ በየተራ የሚደርስበትን አቧራ እያበራ ሲያልፍ ደመናው የሰፋ አስመስሎታል። ሁለት ፎቶግራፎች ለውጥ መኖሩን ይመሰክራሉ፤ የተለወጠው ምን እንደሆነ ግን በራሳቸው አይናገሩም።

ሄል ወደ ካሊፎርኒያው ዊልሰን ተራራ ሲሄድ ሪቼ አብሮት ተጓዘ። የ60 ኢንቹን ቴሌስኮፕ መስታወት ለዓመታት ሞርዶና አለስልሶ አዘጋጀው፤ ቴሌስኮፑም በ1908 ሥራ ጀመረ። ሪቼ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ለሰዓታት ከመሣሪያው አይለይም ነበር። የቴሌስኮፑ ጉዞ ከሰማዩ ዝውውር በጥቂቱ እንኳ ሲዛነፍ የመስታወት ሰሌዳውን በእጁ እያንቀሳቀሰ ያስተካክለው ነበር። ይህ ትዕግሥት ለውበት ሲባል ብቻ የተደረገ ይመስል ይሆናል፤ ይሁንና የደበዘዘ ምስል ለልኬት አይበቃም። ጥቅምት 13 ቀን 1909 በዚህ አኳኋን ያነሣው ሸርጣን ኔቡላን ነበር፤ ስሙ ሸርጣን ይሁን እንጂ የሚገኘው በሠውር ኅብረ ኮከብ ነው።

የ100 ኢንቹንም መስታወት የሠራው ሪቼ ነው። ሆኖም በመስታወቱ ጥራትና በቴሌስኮፖች አሠራር ላይ ከሄል ጋር ተጋጭቶ በ1919 ከሥራው ተሰናበተ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጆን ቻርልስ ደንከን በዚያው በ60 ኢንቹ ቴሌስኮፕ ሸርጣን ኔቡላን ዳግመኛ አነሣና ከሪቼ ሰሌዳ ጋር አመሳከረው። በመካከላቸው 11 ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። የኔቡላው ክሮችና ጉብታዎች ከመካከሉ እየራቁ ነበር፤ በዚህ ጊዜ የሰፋው በእርግጥም ጋዙ ራሱ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የዲግሪ 3,600ኛ እጅ የቅስት ሰከንድ ይባላል። የኔቡላው ጫፍ ከመካከሉ 180 የቅስት ሰከንድ ገደማ ይርቃል፤ በየዓመቱም 0.2 ያህል ይጨምራል። 180 ለ0.2 ሲካፈል 900 ዓመት ይሆናል። ኤድዊን ሀብል በ1928 ይህን ዕድሜ ቻይናውያን በ1054 ከመዘገቡትና በቀን ብርሃን ጭምር ከታየው እንግዳ ኮከብ ጋር አገናኘው።

ይሁን እንጂ ልኬቱ እየጠራ ሲሄድ ጥቂት አለመግጠም ብቅ አለ። በ1968 የወጣው የቨርጂኒያ ትሪምብል ጥናት የክሮቹን ጉዞ ወደ ኋላ ሲያሰላ መነሻው 1140 አካባቢ ሆነ። ፍንዳታው የታየው ግን በ1054 ነው። ስለዚህ ጋዙ ከተነሣ በኋላ ፍጥነት ጨምሯል ማለት ነው፤ ገፊው በመካከሉ በፍጥነት የሚሽከረከረው የኒውትሮን ኮከብ እንደሆነ ይታመናል።

ሪቼ ከስንብቱ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻገረ። ከአንሪ ክሬቲየን ጋር ያሰበውንና ሰፊ የሰማይ ክፍል አጥርቶ የሚያሳየውን የመስታወት ቅርጽ ገፋበት። በ1930ዎቹም ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የከዋክብት መመልከቻ በዚሁ ቅርጽ ባለ 40 ኢንች ቴሌስኮፕ ሠራ። በ1945 በካሊፎርኒያ፣ አዙሳ ውስጥ አረፈ። በ1990 ወደ ጠፈር የተላከው የሀብል ቴሌስኮፕ የተሠራው በሪቼና ክሬቲየን ቅርጽ ሲሆን፣ ሸርጣን ኔቡላንም በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ አንሥቷል።