የአንገተ ረዥም ዳይኖሰሮች መርማሪ ዶክተር ዌርነር ያንንሽ

የወላይታ ገበሬ አንዱን የእንሰት ዓይነት ከሌላው የሚለየው የቅጠሉን፣ የግንዱንና የቅጠሉን መካከለኛ ዘንግ ቀለም አስተያይቶ ነው፤ በአንድ ምልክት ብቻ አይፈርድም። ከጥንት ዘመን የቀሩትን የዳይኖሰር አጥንቶች በየወገናቸው የመለየት ሥራም ይህንኑ ይመስላል። በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት፣ በዚህ ሥራ ዕድሜያቸውን የፈጁትን ሊቅ ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዶክተር ያንንሽ በ1878 በጀርመን አገር ተወለዱ። በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሲሠሩ ሳለ፣ በ1909 ያን ጊዜ የጀርመን ቅኝ ግዛት ወደ ነበረችው ወደ ዛሬዪቱ ታንዛንያ ተልከው ቴንዳጉሩ በተባለ ኮረብታ ቁፋሮ አስጀመሩ። ሥራው እስከ 1913 ቆየ። የቈፈሩት ግን በመቶ የሚቈጠሩ ያገሩ ተወላጆች ሲሆኑ፣ የበላይ ተቈጣጣሪያቸው ቦሄቲ ቢን አምራኒ ነበሩ። ተሸካሚዎች በእግር ተጕዘው ሊንዲ ወደብ ያደረሱት ከ200 ቶን በላይ አጥንት ወደ በርሊን ተላከ።

ከዚህ በኋላ ረዥሙ የማስተያየት ሥራ ተጀመረ። በ1914 ያንንሽ ከሁሉ የሚበልጠውን እንስሳ፣ የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ መርዘማቸውን አይተው፣ አሜሪካ ከተገኘው ብራኪዮሳውረስ ወገን መደቡት፤ ስሙንም በሙዚየሙ አለቃ በብራንካ ሰየሙት። በ1929 ደግሞ አንገተ ረዥሞቹን ሁሉ ጥርሳቸው ሰፊ በሆነና ጥርሳቸው ቀጭን በሆነ ለሁለት ከፈሏቸው። በ1937 የዚያ ታላቅ እንስሳ ዐፅም በበርሊን ቆመ፤ ዛሬም ከ13 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

ያንንሽ በ1969 ዐረፉ። የኋላ ሊቃውንት ቀጭን ጥርስ በተለያየ ወገን ለየብቻው የመጣ መሆኑን ስለ ደረሱበት፣ ጥርስ ብቻውን በቂ ምስክር አለመሆኑ ታወቀ። በ2009ም የቴንዳጉሩው እንስሳ ከአሜሪካው የተለየ መሆኑ በዝርዝር ተገልጦ ጂራፋታይታን የሚለው ስም ጸናለት። ይሁን እንጂ አራሚዎቹ ከተጠቀሙባቸው ማስረጃዎች አንዱ ያንንሽ ራሳቸው ለክተው የጻፉት ነው። ስሙ ተለወጠ፤ ልኩ ግን አልጠፋም።

በ2007 ደግሞ ከዚያው ከቴንዳጉሩ የተገኘ ሌላ አንገተ ረዥም ዳይኖሰር በቦሄቲ ስም ተጠራ። ክብሩ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ።

የዳሞታ ተራራችን ከዳይኖሰሮች ዘመን እጅግ ዘግይቶ በእሳተ ገሞራ የተሠራ ስለ ሆነ እነርሱን ከዚያ አንፈልግም። በሰሜን ሸዋ በጀማ ወንዝ ሸለቆ ግን የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ከእኛ መካከል ነገ ወደዚያ የሚሄድ ቢኖር፣ ሳይለካ አይፍረድ፤ አብሮት የቈፈረውንም ሰው ስም ከመጻፍ አይዘንጋ።